ጥቁር እንጨት፣ የዱባ ፍሬና ከአሜሪካ የሚላከው ጠርሙስ፦ ለፕሮስቴት ዕጢ ማደግ ዕፅዋት ምን ያህል ይረዳሉ?

በእኔ ዕድሜ ክልል ያሉ ወንዶች በእድር ስብሰባም ሆነ በለቅሶ ድንኳን ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ጨዋታው ከአገር ጉዳይ ተነሥቶ ሽንት ላይ የሚያርፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ሌሊት ደጋግሞ መነሣት፣ ሽንቱ እስኪጀምር ቆሞ መጠበቅ፣ ጨረስሁ ካሉ በኋላ ሱሪ ላይ መንጠባጠብ፣ ረጅም መንገድ በአውቶቡስ ለመሄድ መፍራት፤ እነዚህን ለሐኪም ለመናገር የሚያፍር ሰው ለጓደኛው በሹክሹክታ ይናገራል፤ ጓደኛውም ባዶ እጁን አይመልሰውም። አንዱ የዱባ ፍሬ ቆልቶ መብላትን ይመክራል፤ ሌላው የሳማ ሥር ይላል፤ ከከፋ በኩል የመጣው የጥቁር እንጨት ቅርፊት ተቀቅሎ ሲጠጣ ማየቱን ይናገራል፤ ልጁ ሜሪላንድ የምትኖርለት ደግሞ «ሶው ፓልሜቶ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን የፕላስቲክ ጠርሙስ ከኮቱ ኪስ ያወጣል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ለብዙ ዓመታት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ያስተማርሁ ጡረተኛ ነኝ፤ ዕጢውም እኔን አልዘለለኝም። በእነዚህ ሁለት ምክንያቶች ጥያቄው ደጋግሞ ወደ እኔ ስለሚመጣ፣ በየአጋጣሚው በአጭሩ የምመልሰውን እዚህ ላይ ዘርዘር አድርጌ ልጽፈው ወሰንሁ። አስቀድሜ አቋሜን ልናገር፦ «የዕፅዋት መድኃኒት ይሠራል ወይስ አይሠራም?» ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለም፤ ምክንያቱም ከላይ የጠቀስኋቸው አራቱ ነገሮች የተፈተኑበት ጥብቅነትም፣ የሚዘጋጁበት መንገድም፣ ያስገኙት ውጤትም የተለያየ ነው። በተለይ በገዛ ደናችን የሚበቅለው የጥቁር እንጨት ታሪክ፣ አንድ ተክል ፋብሪካ ገብቶ የሚሆነውና ድስት ውስጥ ገብቶ የሚሆነው ምን ያህል እንደሚራራቅ ስለሚያሳይ ሰፊውን ቦታ ለእርሱ ሰጥቻለሁ።

ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር ተቀምጦ የሽንት ቱቦን ዙሪያውን ያቀፈ፣ በወጣትነት 20 ግራም ገደማ የሚመዝን ዕጢ ነው። ቴስቶስትሮን በዕጢው ውስጥ 5-አልፋ ሪዳክቴዝ በተባለ ኢንዛይም አማካይነት ዳይሃይድሮቴስቶስትሮን ወደተባለ ይበልጥ ብርቱ ሆርሞን ይለወጣል፤ ይህ ሆርሞን ባለበት ዕድሜ ሲገፋ፣ ቱቦውን በቅርብ የከበበው የዕጢው ውስጠኛ ክፍል ቀስ በቀስ ያድጋል። በሃምሳዎቹ ዕድሜ ካሉ ወንዶች ግማሽ ያህሉ፣ ሰማንያን ካለፉት ደግሞ አብዛኞቹ ይህ እድገት ይገኝባቸዋል። ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። ሆኖም ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ጎን ለጎን ሊገኙ ስለሚችሉና ምልክታቸውም ስለሚመሳሰል፣ ያለ ምርመራ ማንም ሊለያቸው አይችልም።

ሽንት የሚያስቸግረው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ያደገው ሥጋ ቱቦውን ማጥበቡ ሲሆን፣ ሁለተኛው በዕጢውና በፊኛው አንገት ላይ ያለው ለስላሳ ጡንቻ መኮማተሩ ነው። የዕጢው መጠንና የሰውየው ሥቃይ ብዙ ጊዜ የማይመጣጠነው ለዚህ ነው፤ ትልቅ ዕጢ ይዞ ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ የሚያድር አለ፣ በትንሽ ጭማሪ የሚንገላታም አለ። ጡንቻው በብርድ፣ በጭንቀትና በሚወሰደው ነገር የተነሣ ከቀን ቀን ስለሚለዋወጥ፣ ምልክቱም አንድ ወር ከፍቶ በሚቀጥለው ወር ሊቀል ይችላል። ሰው መድኃኒት የሚፈልገው በከፋበት ወር ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው መቅለል ታዲያ ያን ጊዜ በእጁ ለነበረው ነገር ይቆጠርለታል፤ ፍሬ ከሆነ ለፍሬው፣ ቅርፊት ከሆነ ለቅርፊቱ። በለቅሶ ድንኳን የሚሰማው ምስክርነት ሁሉ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም፤ ተናጋሪው በእርግጥ ቀሎታል። ያቀለለት ምን እንደሆነ ግን ከእርሱ ታሪክ ብቻ ማወቅ አይቻልም።

ይህን ለመለካት ሐኪሞች ሰባት ጥያቄዎች ያሉትና ከ0 እስከ 35 ነጥብ የሚሰጥ መጠይቅ ይጠቀማሉ። እስከ 7 ያለው ቀላል፣ ከ8 እስከ 19 መካከለኛ፣ 20ና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። አንድ ሰው «ተሻለኝ» ለማለት የሚያበቃ ለውጥ እንዲሰማው ነጥቡ በ3 ያህል መቀነስ ይኖርበታል። በጥናቶች ውስጥ ምንም መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ክኒን፣ ፕላሴቦ የሚባለው፣ የሚሰጣቸው ወንዶች ነጥብም ብዙ ጊዜ በ2 ወይም በ3 ይወርዳል። ስለዚህ የማንኛውም ቅጠልና ሥር ፈተና ከምንም ጋር ሳይሆን ከዚህ ባዶ ክኒን ጋር መወዳደር ነው፤ ብዙዎቹ የሚወድቁትም እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ጥቁር እንጨት ልመለስ። ከባሌው ሐረና እስከ ከፋና ኢሉባቦር፣ ከአርሲው ሙኔሳ እስከ ሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ ባሉ ደኖች ውስጥ የሚገኝ፣ ከ30 ሜትር በላይ ሊረዝም የሚችል ዛፍ ነው። ከኮክና ከፕሪም ጋር አንድ ወገን ነው፤ ቅጠሉን ወይም ቅርፊቱን ጨፍልቆ ላሸተተ ሰው የመራራ አልሞንድ ሽታ ይሰጣል። ጣውላው ጠንካራ በመሆኑ ለሥራ ይፈለጋል፤ አበባውን ንቦች፣ ፍሬውን ጉሬዛና አእዋፍ ይወዱታል። በሳይንስ ስሙ ፓይጂየም አፍሪካነም ይባል የነበረው ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፕሩነስ አፍሪካና ተብሏል፤ በመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ ግን ዛሬም በቀድሞ ስሙ «ፓይጂየም» እየተባለ ይሸጣል። ከውጭ የተላከላቸውን የፓይጂየም እንክብል በጥንቃቄ የሚቆጥሩ ሰዎች፣ የዚያው ዛፍ ወንድም ቦንጋ አካባቢ ባለው ደን ውስጥ እንደቆመ ስነግራቸው ማመን ያቅታቸዋል።

ዛፉ ወደ አውሮፓ መድኃኒት ቤቶች የገባው በፈረንሳይ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ዣክ ደባ የተባለ ፈረንሳዊ የቅርፊቱን ጭማቂ ለፕሮስቴት ችግር ለመጠቀም የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ፤ «ታዴናን» የተባለው እንክብልም ከዚያ ተወልዶ በፈረንሳይና በጣልያን ለአሥርተ ዓመታት በስፋት ተወሰደ። ቅርፊቱ በብዛት የተጫነው ከካሜሩንና ከማዳጋስካር፣ እንዲሁም ከኬንያና ከሌሎች የአህጉሩ ደጋማ ደኖች ነበር፤ የእኛ አገር በዚህ ንግድ ዋና ተሳታፊ አልነበረችም።

ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር ያ እንክብል እንዴት እንደሚሠራ ነው። የደረቀው ቅርፊት ተፈጭቶ በውሃ ሳይሆን ክሎሮፎርም በተባለ ኬሚካል ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ ኬሚካሉ እንዲተን ተደርጎ ቅባትነት ያለው ወፍራም ነገር ይቀራል። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ በመዘገበው ልክ፣ አንድ ኪሎ ግራም የዚህን ጭማቂ ለማግኘት ከ114 እስከ 222 ኪሎ ግራም ቅርፊት ያስፈልጋል። የተለመደው የቀን መጠን 100 ሚሊ ግራም ጭማቂ ስለሆነ፣ አንድ ሰው በየቀኑ ከ11 እስከ 22 ግራም የሚሆን ቅርፊት ውስጥ ያለውን ቅባታማ ክፍል ይወስዳል ማለት ነው። ይሠራሉ ተብለው የሚታሰቡት ንጥረ ነገሮች፣ ማለትም ቤታ ሲቶስቴሮልና ሌሎች የዕፅዋት ስቴሮሎች፣ ኡርሶሊክ አሲድን የመሳሰሉ ትራይተርፔኖችና የፌሩሊክ አሲድ ኤስተሮች፣ በውሃ የማይሟሙ ናቸው።

እንግዲህ ቅርፊቱ በድስት ሲቀቀል ምን ይወጣል? በዋናነት የሚወጣው ታኒን ነው፤ ውሃውን የሚያቀላውና አፍን የሚያጣብቀው እርሱ ነው። ጥናት የተደረገበት ቅባታማ ክፍል አብዛኛው ከገለባው ጋር ተደፍቶ ይቀራል። በተጨማሪም ያ የመራራ አልሞንድ ሽታ ያለ ምክንያት አልመጣም፤ ተክሉ ውስጥ እንደ አሚግዳሊን ያሉ፣ ሲፈጩና ሲዘፈዘፉ ሲያናይድ የሚለቁ ንጥረ ነገሮች አሉ። አንድ ብልህ ሰው «ታዲያ በአረቄ ብዘፈዝፈውስ?» ብሎ ጠይቆኛል። ጥያቄው ከኬሚስትሪ አንጻር የሚናቅ አይደለም፤ አልኮል ከውሃ የተሻለ ቅባት ያወጣልና። ነገር ግን ምን ያህል እንደወጣ የሚለካበት መንገድ በቤት ውስጥ የለም፤ ሽታው የሚያስጠነቅቀው ነገርም አብሮ ይወጣል፤ ማታ ማታ የሚጠጣ አረቄ ደግሞ ሌሊት የሚነሣን ሰው ይበልጥ ያስነሣዋል።

እንክብሉስ ይረዳል? ኮክሬን የተባለው የጥናቶች ገምጋሚ ተቋም በ18 ጥናቶች የተሳተፉ 1,562 ወንዶችን ውጤት አንድ ላይ አድርጎ ተመልክቷል። ጭማቂውን የወሰዱት ባዶ ክኒን ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ መሻሻልን የመናገር ዕድላቸው ከሁለት እጥፍ በላይ ነበር፤ የሌሊት መነሣት በ19 በመቶ ቀንሷል፣ የሽንቱ ከፍተኛ ፍጥነት በ23 በመቶ ጨምሯል፣ ከሽንት በኋላ በፊኛ ውስጥ የሚቀረው መጠንም በ24 በመቶ ወርዷል። ቁጥሩ ደስ ያሰኛል። ችግሩ ጥናቶቹ ትናንሽና አጫጭር መሆናቸው ነው፤ ረጅሙ 122 ቀን ብቻ የዘለቀ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ዛሬ የሚሠራበት የሰባት ጥያቄዎች መጠይቅ ሳይኖር የተካሄዱ ናቸው። ከዚህ በታች እንደምናየው፣ ሌላ ተክል በተመሳሳይ ዓይነት ጥናቶች ከፍ ከፍ ካለ በኋላ ትልቅና ረጅም ፈተና ሲመጣበት ወድቋል። የእኔ ፍርድ፣ ፓይጂየም ቀላል ምልክት ላለበትና ተመርምሮ ሌላ ችግር እንደሌለበት ለታወቀ ሰው ቢሞክረው የማያስወቅሰው ነገር ነው የሚል ነው፤ ከዚህ በላይ ግን አልሄድም። የጎንዮሽ ጉዳቱ በአብዛኛው የሆድ ማቅለሽለሽና መረበሽ ነው።

ከዛፉ አንጻር ግን ሌላ ሒሳብ አለ። ቅርፊት የዛፉ ደም ሥር ያለበት ቦታ ነው። በደንቡ መሠረት ግንዱ ከወፈረ ዛፍ ላይ በተቃራኒ በኩል ካሉ ሁለት ጎኖች ብቻ ይላጣል፤ ቀሪው እስኪያገግም ለዓመታት ይተዋል። በካሜሩን ተራሮች የሆነው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዙሪያውን መላጥ፣ አልፎ ተርፎም ገንድሶ መጋፈፍ ነበር። በዚህ ምክንያት ዛፉ ከ1995 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ በፈቃድ ብቻ እንዲካሄድ ሳይተስ በተባለው ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፤ በ2007 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ከካሜሩን የሚመጣውን ቅርፊት ማስገባት አቋርጦ ነበር። ከየደናችን የቀሩትን ትልልቅ ዛፎች ለማይረባ መረቅ ብሎ መላጥን እኔ በበኩሌ አልደግፍም። ዛፉን የሚወድ ሰው ፍሬውን ትኩስ እያለ ይዝራ፤ ከደረቀ ለመብቀል ያስቸግራል።

ሶው ፓልሜቶ በአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ፣ በተለይ በፍሎሪዳና በጆርጂያ አሸዋማ መሬት ላይ የሚበቅል አጭር ዘንባባ ነው፤ መድኃኒት የሚሠራው ከፍሬው ነው። ከዋሽንግተን፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ወደ አዲስ አበባ በሚመጡ ሻንጣዎች ውስጥ ከቫይታሚን ጠርሙሶች ጋር ተቀላቅሎ ስለሚገኝ፣ በእኛ ዘንድ ከአራቱ ሁሉ ይበልጥ የተከበረው እርሱ ነው። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነገር ክብሩ ከፍ ይላል፤ ልጅ የላከው ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

ዝናው መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ግምገማ 18 ጥናቶችንና 2,939 ወንዶችን አጠቃልሎ፣ ፍሬው ምልክትን እንደሚያቃልል ደምድሞ ነበር። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋማት ገንዘብ መድበው በጥንቃቄ እንዲፈተን አደረጉ። በ2006 የታተመው ጥናት 225 ወንዶችን ለአንድ ዓመት ተከታተለ፤ ግማሾቹ በቀን ሁለት ጊዜ 160 ሚሊ ግራም ጭማቂ፣ ግማሾቹ ባዶ ክኒን ወሰዱ፤ በምልክትም ሆነ በሽንት ፍጥነት ልዩነት አልተገኘም። «መጠኑ አንሶ ይሆናል» የሚል ክርክር ተነሣ። ስለዚህ በ2011 የታተመው ሁለተኛ ጥናት 369 ወንዶችን ወስዶ፣ መጠኑን ደረጃ በደረጃ ከተለመደው ሦስት እጥፍ ወደሆነው 960 ሚሊ ግራም እያሳደገ ለ72 ሳምንታት ተከታተላቸው። የሶው ፓልሜቶ ወሳጆች አማካይ ነጥብ ከ14.4 ወደ 12.2 ሲወርድ፣ የባዶው ክኒን ወሳጆች ከ14.7 ወደ 11.7 ወረደ። ባዶው ክኒን በጥቂቱ በልጦ ተገኘ ማለት ነው። ኮክሬን በ2023 ያወጣው ግምገማም 27 ጥናቶችንና 4,656 ወንዶችን ተመልክቶ፣ ፍሬው ብቻውን ሲወሰድ ለውጡ እጅግ ትንሽ ወይም ምንም እንደሆነ ጽፏል።

የአውሮፓ ሐኪሞች እዚህ ላይ አንድ ማስተካከያ ያቀርባሉ፤ ላለማዳላት እኔም ልጥቀሰው። ፈረንሳይ ውስጥ የሚሠራው ጭማቂ በሄክሴን ኬሚካል የሚወጣ ሲሆን፣ ከአሜሪካው ጋር አንድ ዓይነት አይደለም፤ የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲም ለብቻው ለይቶ የተሻለ ደረጃ ሰጥቶታል። በ2002 በታተመ ጥናት 811 ወንዶች ውስጥ፣ ያንን ለስላሳ ጡንቻ ከሚያላላውና ሐኪም ከሚያዝዘው መድኃኒት ከታምሱሎሲን ጋር ሲወዳደር የሁለቱም ቡድን ነጥብ በ4.4 ቀንሷል። ነገር ግን በዚያ ጥናት ባዶ ክኒን የወሰደ ቡድን ስላልነበረ፣ ከቅነሳው ምን ያህሉ የመድኃኒቱ፣ ምን ያህሉ የጊዜና የተስፋ እንደሆነ መለየት አይቻልም። ያም ሆነ ይህ ከሜሪላንድ በሻንጣ የሚመጣው ጠርሙስ ይህ የፈረንሳይ መድኃኒት አይደለም። በ1994 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት እንደ ምግብ ማሟያ የሚሸጥ ነገር ከመሸጡ በፊት መሥራቱን ማረጋገጥ አይጠበቅበትም፤ ጠርሙሱ ላይ «የፕሮስቴትን ጤና ይደግፋል» ተብሎ የሚጻፈውም አንዳች ሕመም ያድናል ማለት ስለማይፈቀድ ነው።

የዱባ ፍሬ በእኛ ዘንድ ከኮሶ ጋር ተያይዞ ለሆድ ትል የታወቀ ነው፤ ለፕሮስቴት መጠቀም የጀርመኖች ልማድ ነው። እዚያው ጀርመን ውስጥ ከ1,400 በላይ ወንዶች ለአንድ ዓመት የተሳተፉበት ጥናት በ2015 ገደማ ታትሟል። አንደኛው ቡድን በቀን ሁለት ጊዜ 5 ግራም ፍሬ በላ፣ ሁለተኛው የፍሬውን ጭማቂ በእንክብል ወሰደ፣ ሦስተኛው ባዶ እንክብል ወሰደ። እንክብሉ ከባዶው አልተሻለም። ፍሬውን ከበሉት ውስጥ ግን 58.5 በመቶ የሚሆኑት፣ ከባዶው ወሳጆች ደግሞ 47.3 በመቶ የሚሆኑት ነጥባቸው በ5ና ከዚያ በላይ ቀነሰ። እንክብል የሚውጥ ሰው ምን እንደሚውጥ አያውቅም፤ ፍሬ የሚቆረጥም ሰው ግን ፍሬ እየቆረጠመ መሆኑን ያውቃል፤ ስለዚህ ልዩነቱ ከፍሬው ይሁን ከማወቁ መለየት አስቸጋሪ ነው። እኔ ከአራቱ ሁሉ ያለ ስጋት የምመክረው ይህን ነው። ያለ ጨው የተቆላ የዱባ ፍሬ ምግብ ነው፤ ባይረዳ እንኳ ኪስንም ሰውነትንም አይጎዳም።

ስለ ሳማ አጭር ነገር ልበል። ጥናት የተደረገበት የአውሮፓው ሳማ ሥር ሲሆን፣ በጀርመን ለቀላል ምልክት ለረጅም ጊዜ ሲያገለግል ቆይቷል፤ ዕጢውን እንደማያሳንስም በዚያው በጀርመን መመሪያ ላይ ተጽፏል። በእኛ ደጋ ለወጥ የሚቀነጠሰው ሳማ ሌላ ዝርያ፣ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ነው፤ የምንበላውም ቅጠሉን ነው። የሳማ ወጥ መልካም ምግብ ነው፤ ከፕሮስቴት ጋር ማያያዝ ግን አይገባም።

ዕፅዋት ሲባል የሚረዱትን ብቻ መቁጠር ልማድ ሆኗል። በዚህ ችግር ላይ የሚያባብሱት ተክሎች ከሚረዱት ይልቅ በግልጽ የታወቁ ናቸው፤ አንደኛው ጫት ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ኖርአድሬናሊን እንዲለቀቅ ያደርጋል፤ ይህም ከላይ የጠቀስሁትን የዕጢውንና የፊኛ አንገቱን ጡንቻ ያኮማትረዋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በታተመ ጥናት ጤነኛ ወንዶች ጫት ሲቅሙ የሽንታቸው ፍጥነት ቀንሷል፤ ያንኑ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ሲሰጣቸው ደግሞ ይህ ጉዳት ተከልክሏል። ሐኪም ያዘዘለትን ታምሱሎሲን ማታ እየዋጠ ከሰዓት በኋላ የሚቅም ሰው፣ አንዱን በር በአንድ እጁ እየከፈተ በሌላው የሚዘጋ ነው። «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ሲል ግን ስለ ጫቱ አያነሣም፤ ሐኪሙም ብዙ ጊዜ አይጠይቀውም።

ሁለተኛው አስተናግር ነው። አንዳንድ መድኃኒት አዋቂዎች ለአስምና ለጥርስ ሕመም ጭሱን ያዝዛሉ። በውስጡ ያሉት አትሮፒንና ስኮፖላሚን የፊኛን ጡንቻ ስለሚያደክሙ፣ ዕጢው ባደገበት ሰው ላይ ሽንትን ፈጽሞ ሊያስቆሙ ይችላሉ። ያለ ማዘዣ የሚሸጡ የጉንፋን ክኒኖችም እንዲሁ ናቸው፤ አፍንጫ የሚከፍተው ሱዶኢፌድሪን የጫትን ሥራ፣ እንቅልፍ የሚያመጣው የአለርጂ መድኃኒት ደግሞ የአስተናግርን ሥራ ይሠራል። በብርድ ወራት ጉንፋን ይዞት የጉንፋን ክኒን በወሰደ ማግስት ሽንቱ ተከልክሎ ካቴተር የተባለው የሽንት ማውጫ ቱቦ የገባለት ሰው ታሪክ ለየትኛውም የድንገተኛ ክፍል ሠራተኛ አዲስ አይደለም።

«ሽንት ያጠራል» ተብለው የሚጠጡት የገብስ ውሃና አብሽ በራሳቸው ጉዳት የላቸውም፤ ማታ በብዛት ከተጠጡ ግን የሌሊቱን መነሣት ያበዙታል። ቡና፣ ጠላና ቢራም እንዲሁ። ከእራት በኋላ የሚጠጣውን መቀነስ፣ የደም ግፊት ሕመምተኛ ከሆኑ ሽንት የሚያበዛውን ክኒን ሐኪም አማክሮ ወደ ጠዋት ማዛወር፣ ከሽንት በኋላ ጥቂት ቆይቶ እንደገና መሞከር፤ እነዚህ ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች ብዙ ጊዜ ከማንኛውም እንክብል የበለጠ ይሠራሉ። እኔ ራሴ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ የማታውን ሻይ መተው ነው።

ስለ እንክብሎች ንጽሕና አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በአሜሪካ ከስምንት ዕፅዋት ተሠራ ተብሎ ለፕሮስቴት ካንሰር ሕመምተኞች ይሸጥ የነበረ ፒሲ-ስፔስ የተባለ እንክብል በ2002 ከገበያ ተሰብስቧል፤ ሲመረመር ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን፣ ዳይኤቲልስቲልቤስትሮል የተባለ ሆርሞንና ኢንዶሜታሲን የተባለ የሕመም ማስታገሻ ተገኝቶበት ነበር። ለወንዶች ብርታት ተብለው በሚሸጡ «የተፈጥሮ» እንክብሎች ውስጥም ሲልዴናፊል፣ በቪያግራ ውስጥ ያለው መድኃኒት፣ ተደብቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል፤ ይህም ለልብ ሕመም ናይትሬት የሚወስድን ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ጠርሙሱን ሐኪም ዘንድ ይዞ መሄድ፣ በተለይ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ወይም ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ሰው፣ አስፈላጊ ነው።

በዕፅዋት ጊዜ ማጥፋት የሌለባቸው ሰዎች አሉ። ሽንቱ ደም የቀላቀለ፣ ትኩሳትና ማቃጠል ያለበት፣ የጀርባ አጥንቱን የሚያመው ወይም ያለ ምክንያት የከሳ፣ ሳያውቀው ሽንት የሚያመልጠው ሰው ቶሎ መመርመር አለበት፤ ሽንቱ ፈጽሞ የቆመና ከእምብርት በታች የተወጠረበት ሰው ደግሞ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት። ሌሊት ደጋግሞ መነሣትም ሁልጊዜ ከፕሮስቴት አይመጣም፤ ስኳርና የልብ ድካም ያመጡታል። ፊኛው ለወራት ሳይጸዳ ሲቀር ጫናው ወደ ኩላሊት ስለሚመለስ፣ ሕመም የሌለው ዝምታ ራሱ ዋስትና አይደለም። የሽንት ምርመራ፣ የኩላሊት የደም ምርመራ፣ ፒኤስኤ (ከፕሮስቴት የሚወጣን ፕሮቲን በደም ውስጥ የሚለካ ምርመራ) እና ከሽንት በኋላ የሚቀረውን የሚያሳይ አልትራሳውንድ ብዙ ጊዜ የማይወስዱ ምርመራዎች ናቸው። ታምሱሎሲን ጡንቻውን በቀናት ውስጥ ያላላል፤ ፊናስቴራይድ ዕጢውን ራሱን በወራት ውስጥ ከአምስት አንድ እጅ ያህል ያሳንሰዋል። ፊናስቴራይድ የፒኤስኤን ቁጥር በግማሽ ስለሚቀንስ፣ እርሱን የሚወስድ ሰው ውጤቱን ለሚያነብለት ሐኪም መንገር አለበት።

ይህን ሁሉ አንብቦ፣ ተመርምሮ፣ ምልክቱም ቀላል ሆኖ አሁንም ፓይጂየም ወይም የዱባ ፍሬ መሞከር ለሚፈልግ ሰው የምነግረው አሠራር አለኝ። ከመጀመሩ በፊት የሰባቱን ጥያቄዎች መጠይቅ ከሐኪሙ ተቀብሎ ይሙላና ነጥቡንና ቀኑን ወረቀት ላይ ይጻፍ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አይጀምር፤ ሻይና ቢራ ከቀነሰ ያንን አስቀድሞ ለአንድ ወር ያድርግና እንደገና ይሙላ። ከዚያ የመረጠውን አንዱን ለሦስት ወር ይውሰድና የቀድሞውን ወረቀት ሳያይ ለሦስተኛ ጊዜ ይሙላ። ነጥቡ በ3 ካልቀነሰ ሁለተኛ ጠርሙስ አይግዛ፤ ከፍ ካለ ደግሞ ሦስቱንም ወረቀቶች ይዞ ወደ ሐኪሙ ይመለስ።